ድዴን ልነቀስ ወይስ ልቦርሸው? የጎንደር ልጆች ስለ ጥርሳቸው የጠየቁት

እንዴት ሰነበታችሁ ልጆች! ባለፈው እትም ስለ አፍና ጥርስ ለሰው ለመናገር ያፈራችሁበትን ነገር ሁሉ ጻፉልኝ ብዬ ነበር፣ ጻፋችሁ፣ ተባረኩ። ግን ግማሹ ጥያቄ «ጥርሴን በምን ላንጣው» ነው። እኔ ጥርስ ክፍል ስውል የማየው ሌላ ነው፣ ነጭ ሆኖ ውስጡ የተቦረቦረ አለ፣ ቢጫ ሆኖ ደሞ አጥንት የሚያደቅ ጤነኛ አለ። ስለዚህ የቀለሙን ነገር ባንድ ጥያቄ ጠቅልዬ መልሼ ወደሚያመው እሄዳለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ። ስም አላወጣሁም፣ የሰጣችሁኝን የብዕር ስም ነው የተጠቀምኩት።

«ሲስተር እንደምን አለሽ። 16 ዓመቴ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል፣ አንዳንዴ እንደውም ጠዋት ስነሳ ትራሴ ላይ ደም አያለሁ። ስለደማብኝ መቦረሹን ትቼዋለሁ። አያቴ ከደንቢያ መጥታ አየችኝና ተነቀሽው ይጠነክራል፣ ደሞ ለጥምቀት ያምርብሻል አለችኝ። እሷም እናቴም የተነቀሱ ናቸው፣ ሲስቁ እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራሉ። የምትነቅስ ሴትዮ እናውቃለን። ልነቀስ?» (የአያቷ ልጅ፣ ከማራኪ)

መጀመሪያ አያትሽን ሳሚልኝ። ጥቁር ድድ በነጭ ጥርስ ሲታይ ያምራል፣ እኔም ያደኩት የተነቀሱ ሴቶች መሀል ስለሆነ አያምርም ብዬ አልዋሽሽም። ግን አትነቀሽ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ለአያትሽም ስትነግሪያት «ሲስተሯ ከለከለችኝ» ብቻ እንዳትይ።

ድድሽ የሚደማው ደካማ ሆኖ አይደለም። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጠራቀም ለስላሳ የሚያጣብቅ ነገር አለ፣ ፕላክ ይባላል፣ ብዙው ባክቴሪያ ነው። በጥፍርሽ ጥርስሽን ጫር ብታደርጊው ነጭ ሆኖ ጥፍርሽ ላይ ይመጣል፣ እሱ ነው። ድዱ ያን ሲዋጋ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ስትነኪው ይደማል። በናንተ እድሜ ደሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም የጉርምስና ሆርሞን ሲመጣ ያው ድሮ ምንም የማይለው ድድ ለትንሽ ቆሻሻ ብዙ ይቆጣል። ስለዚህ ደማ ብለሽ መቦረሽ ስትተይ ፕላኩ ይበዛል፣ ፕላኩ ሲበዛ የበለጠ ይደማል፣ ይሄው አሁን ትራስሽ ላይ ደረሰ።

ንቅሳቱ ምን ያደርጋል? በተሳሰረ መርፌ ድዱን ወጋ ወጋ አርገው ጥላሸት ይቀቡታል። ከዛ ለቀናት ያብጣል፣ ሲደርቅ ጠቁሮ ጠንከር ያለ ይመስላል። ፕላኩ ግን እዛው ነው፣ ማንም አልነካውም። ያጠፋብሽ ነገር ቢኖር መቅላቱን ነው፣ ማለት ድድሽ ታሞ ቢሆን እንኳን አንቺም ሀኪሙም በቀለሙ ለማወቅ ትቸገራላችሁ። ዋናው ግን መርፌው ነው። ሴትዮዋ ካንቺ በፊት ማንን ነቅሳበታለች? በደም የሚተላለፍ ነገር ሁሉ፣ ኤችአይቪ በይው፣ ጉበት የሚያቃጥለው ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ በይው፣ በዚህ መንገድ ሊገባ ይችላል፣ ቴታነስም አለ። መርፌውን በአረቄ ጠርጌዋለሁ ብትልሽ በቂ አይደለም። በአያትሽ ጊዜ ሌላ መላ አልነበረም፣ አሁን አለ።

እንዲህ አድርጊ። ለስላሳ የሚለውን ብሩሽ ግዢ፣ ጠንካራውን ተይው። ብሩሹን ቀጥ አርገሽ ሳይሆን ወደ ድዱ ዘንበል አርገሽ ጠርዙ ላይ አስቀምጪውና በትንሽ በትንሹ እያንቀጠቀጥሽ ሂጂ፣ መፈተግ የለም፣ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ጠዋትና ማታ። በውስጥ በኩል፣ ምላስ የሚነካውን ማለቴ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይደማል፣ አትደንግጪ፣ የሚደማውን ቦታ እንደውም ደህና አርገሽ አጽጂው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይቀንሳል። ያልጸዳ ፕላክ ግን እየደረቀ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ድንጋይ ይሆናል፣ ያንን ብሩሽ አያወጣውም፣ ጥርስ ክፍል ሄዶ ማስጠረግ ነው። «ጥርስ ማስጠረግ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚሉሽን አትስሚ፣ የሚያነቃንቀው ድንጋዩ ነው።

አንቺ ግን ሳትነኪው ትራስ ላይ ስለሚደማ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፣ ቶሎ ታዪ። በተለይ ነስር ካለሽ፣ ሰውነትሽ ላይ ሳትመቺ የሚበልዝ ነገር ካለ፣ ወይ ትኩሳትና ድካም ካለሽ ለሀኪሙ ንገሪው፣ የደም ምርመራ ያስፈልግሻል። ለጥምቀት ደሞ ብዙ አትጨነቂ፣ የኛ ሰው ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፣ ተጨማሪ ቀለም አይፈልግም።

«ቲክቶክ ላይ ከሰል በሎሚ ለውሰህ ብታሸው ጥርስህ በሳምንት በረዶ ይሆናል የሚል አይቼ ሞከርኩ፣ መጀመሪያ ነጣ አሁን ግን ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ይነዝረኛል። ልቀጥል ላቁም? ጨውና ቤኪንግ ሶዳስ? ያለኝ ፈገግታ እኮ ቢጫ ነው ሴልፊ ላይ አፌን ዘግቼ ነው የምነሳው» (ኤሊያስ ነኝ አይደለሁም፣ አዘዞ)

አቁም። ዛሬ ማታ አቁም።

ሎሚ አሲድ ነው፣ የጥርሱን ሽፋን ያለሰልሰዋል፣ ከሰሉ ደሞ የለሰለሰውን ይፍቀዋል። መጀመሪያ ነጣ ያልከው የላዩ ቆሻሻ ስለተፋቀ ነው፣ ከዛ በኋላ የምትፍቀው ኢናሜሉን ራሱን ነው። ኢናሜል ደሞ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው፣ እንደ ጥፍር አይበቅልም። የሚነዝርህ ለዛ ነው። የሚገርምህ ነገር ልንገርህ፣ ከኢናሜሉ ስር ያለው የጥርስ ክፍል በተፈጥሮው ቢጫ ነው፣ ስለዚህ ሽፋኑ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ጥርስህ የሚመስለው ይበልጥ ቢጫ ነው። ለማንጣት ብለህ ታቢጫዋለህ ማለት ነው። ጨውም ያው ፍትጊያ ነው፣ ደረቁን ጨው ተው፣ ቤኪንግ ሶዳም በሎሚ እየተባለ በቤት የሚለወሰውን ተው።

ቢጫነቱ ከሻይና ከቡና ከመጣ ማስጠረግ ይቀንሰዋል። ተፈጥሮው ከሆነ ግን ጤነኛ ጥርስ ነው ያለህ። ሀኪም የሚሰራው ማንጪያ አለ፣ እሱንም ከ18 ዓመት በፊት ባታደርገው ይሻላል። ለንዝረቱ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና (ያው ሁላችንም ኮልጌት የምንለው፣ ምንም ይሁን ብራንዱ) ተጠቀም፣ ማታ ቦርሸህ አረፋውን ትፋና በውሃ ሳትጉመጠመጥ ተኛ። ከወር በላይ ከነዘረህ ወይም አንዱን ጥርስ ብቻ ለይቶ ካመመህ ሀኪም ይየው።

እዚሁ ላይ ለስላሳ መጠጥ ላንሳ ምክንያቱም ከሎሚው የማይተናነስ አሲድ ነው፣ ስኳሩ ደሞ ሌላ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፣ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ሻይህ ውስጥ ሰባት ማንኪያ ብጨምርልህ ትጠጣዋለህ? ጥርስን የሚጎዳው ደሞ መጠኑ ብቻ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ነው። አንዱን ጠርሙስ ከሰዓቱን ሙሉ እየተጎነጩ መዋል ከምግብ ጋር አንዴ ጠጥቶ ከመጨረስ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ምራቅህ አሲዱን አጥቦ ጥርሱን ለመጠገን ጊዜ አያገኝም። ጠጥተህ ወዲያው አትቦርሽ፣ በውሃ ተጉመጥመጥና ግማሽ ሰዓት ቆይ።

«እኔ ወንጂ ነው የተወለድኩት፣ በሰባተኛ ክፍል ነው ወደ ጎንደር የመጣነው። የፊት ጥርሶቼ ቡኒ ቡኒ ናቸው፣ ክፍል ውስጥ አትቦርሽም ይሉኛል፣ እኔ ግን ከነሱ በላይ ነው የምቦርሸው» (ቡኒዋ)

አምንሻለሁ። ያ ቆሻሻ አይደለም፣ ፍሎሮሲስ ይባላል። በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂን ጨምሮ፣ የጉድጓድ ውሃው ብዙ ፍሎራይድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፣ እዛ አካባቢ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሰራ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ያን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ነጠብጣብ ወይ ቡኒ ሆኖ ይበቅላል። ቦርሸሽ አታስለቅቂውም፣ ስለዚህ አትፈትጊው። ጎንደር መጥተሽ አይጨምርም፣ ካንቺ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ከክፍልሽ ልጆች ጥርስ በቀላሉ ይቦረቦራል ማለትም አይደለም። ካስከፋሽ ሀኪም ላዩን በጥርስ ቀለም ባለው ነገር ሊሸፍነው ይችላል፣ አድገሽም ይደረሳል። ፍሎራይድ ያለው ሳሙና አሁንም ተጠቀሚ፣ እየተፋሽ እስከሆነ ችግር የለውም። ለሚሰድቡሽ ደሞ ይቺን ገጽ አሳዪያቸው።

«ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል። አባቴ እኛ በመፋቂያ ነው ያደግነው ጥርሳችንም ሙሉ ነው ይላል። እውነት መፋቂያ ከብሩሽ ይበልጣል ወይስ ኮልጌት ላለመግዛት ነው?» (ዳኒ፣ ከአራዳ በላይ)

ሃሃ፣ አባትህ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። የወይራ ወይ የክትክታ እንጨት በደንብ የተጠቀመበት ሰው ፕላክ ያወጣል። ችግሩ አጠቃቀሙ ነው። ፒያሳ በጠዋት እየሄደ የሚፍቀውን ሰው እየው፣ የፊት ስድስቱን ጥርስ ብቻ ነው ወዲያ ወዲህ የሚገዘግዘው፣ መንጋጋው ትዝ አይለውም፣ የውስጡማ ጭራሽ። ከዛ ፊት ለፊት ነጭ ሆኖ መንጋጋው የተበላ ሰው ይመጣል። አገዛገዙም በአግድም ስለሆነ ድዱ እየሸሸ የጥርሱ ስር ይወጣል።

ስለዚህ እንጨቱ እርጥብ ይሁን፣ ከደረቀ ውሃ ውስጥ አሳድረው። ጫፉን በደንብ አኝከህ ጭራ ጭራ እስኪሆን አለስልሰው፣ መራራው ምራቅ ሲመጣ ትፋው። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ጥረገው እንጂ አትገዝግዘው። የላዩን፣ የውስጡን፣ የሚያኝከውን ፊት፣ መንጋጋ ድረስ። የተጠቀምክበትን ጫፍ በቢላ ቆርጠህ ነገ አዲስ ጫፍ አኝክ፣ ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አታሳድረው። ለሌላ ሰው አታውስ።

እንጨቱ የማይሰጥህ ፍሎራይዱን ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ቀን ቀን መፋቂያህን ያዝ፣ ማታ ግን በብሩሽና በሳሙና። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፣ ባክቴሪያው ሌሊቱን ብቻውን ነው የሚያድረው፣ ከቀኑ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ማታውን ነው የምመርጠው። ውሃው ደሞ ሰበብ አይሆንም፣ ለብሩሽ የሚበቃው አንድ ኩባያ እንኳን ሳይሞላ ነው። ብሩሹን ነከር፣ ሳሙናው አተር ታህል፣ ሲያልቅ ትፋ፣ ብሩሹን በቀረው እጠብ። ከላይ ለአዘዞው ልጅ እንዳልኩት አፍህን አጥበህ ማጥራትህ ጭራሽ አያስፈልግም፣ ፍሎራይዱ ጥርስ ላይ ቢያድር ነው ጥቅሙ። ብሩሹን በየሶስት በየአራት ወሩ ቀይረው፣ ጸጉሩ ከተንጨባረረ ከዛም በፊት።

«ሲስተር ይቅርታ አርጊልኝና፣ እኔ ዲያቆን ነኝ፣ 17 ዓመቴ ነው። በጾም ጊዜ ተረኛ ስሆን ቆሜ ስውል አፌ እንደሚሸት ይታወቀኛል፣ ሰው ሲጠጋኝ ፊቴን አዞራለሁ። ጠዋት በሳሙና ልቦርሽ ብል ጾም ይሻራል ይሉኛል። ምን ላድርግ?» (ተረኛው፣ ቀበሌ 18 አካባቢ)

ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም ወንድሜ። በነገራችን ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ በረመዳን ከሚጾሙ ልጆችም መጥቶልኛል፣ መልሱ ብዙው አንድ ነው።

ምግብና ውሃ ሳይገባ ሲዋል ምራቅ ይደርቃል። ምራቅ አፍን የሚያጥበው ነገር ነው፣ እሱ ሲቀንስ ምላስ ላይ በተለይ ከኋላ በኩል ያለው ባክቴሪያ ይሸታል። ረሃቡ ራሱም ሲረዝም ሌላ ዓይነት ትንፋሽ ያመጣል፣ ያ ከቆሻሻ አይደለም፣ ሲበላ ይጠፋል። ስለዚህ ስራህ ከዋዜማው ይጀምራል። ማታ የመጨረሻዋን ከበላህ በኋላ በደንብ ቦርሽ፣ ጥርስ መሀል የገባ ሽሮም ጎመንም በክር አውጣ፣ ከዛ ምላስህን። ምላስ አፍህን ከፍተህ ከውስጥ ወደ ውጭ በብሩሹ ወይ በማንኪያ ጠርዝ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው፣ የሚወጣውን ስታየው ሽታው ከየት እንደመጣ ይገባሃል። ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ በዋዜማ ብትቀንስ ጥሩ፣ ሽታው በደም ዞሮ በሳንባ ስለሚወጣ በመቦረሽ አይጠፋም። ውሃም በሚፈቀድልህ ሰዓት ደህና አርገህ ጠጣ።

ጠዋት መቦረሽ ይሻራል አይሻርም የሚለው የኔ ስራ አይደለም፣ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ የማውቀው ምላስ በደረቅ ብሩሽ ያለ ሳሙና ያለ ውሃ መጠረግ እንደሚችል ነው፣ ይህንንም ጨምረህ ጠይቃቸው። ሽታው በማይጾምበት ቀንም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ የተበላ ጥርስ ወይ የድድ ችግር ወይ ቶንሲል ሊሆን ይችላል፣ ተመርመር። ማስቲካ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፣ ስኳር ያለውማ ይባስ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። የ13 ዓመት ልጄ መንጋጋው ተቦርቡሮ ሌሊት እያለቀሰ ያድራል። ጎረቤቴ ትል ነው ብላ በጭስ የምታወጣ ሴት አለች ትለኛለች። ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሰጥተውኝ ሁለት ቀን ተሽሎት ተመልሶ መጣ። የወተት ጥርስ ስለሆነ ባስነቅለውስ?» (እናቱ)

እግዚአብሔር ይማርልዎ። እርስዎን ለብቻ መልሼልዎታለሁ፣ እዚህም የማወጣው ብዙ እናት ስለሚጠይቀኝ ነው።

በ13 ዓመቱ ያለው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ የወተት አይደለም፣ ይህን አጥብቄ እነግርዎታለሁ። የመጀመሪያው ትልቁ ቋሚ መንጋጋ በስድስት ዓመት ገደማ ነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ምንም ሳይወልቅ ብቅ የሚለው፣ ስለዚህ ወላጅ ሳያውቀው ይበቅላል፣ ሳያውቀውም ይበላል። ከተነቀለ ሌላ አይመጣም።

ትል የሚባለው የለም። ስኳር የሚበሉ ባክቴሪያዎች በሚያወጡት አሲድ ነው የሚቦረቦረው፣ ቀዳዳው የጥርሱ ነርቭ ጋ ሲደርስ ነው ሌሊት የሚያስለቅሰው። ጭሱ ብዙ ጊዜ የአስተናግር፣ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አለ፣ የዚያ ፍሬ ነው፣ መርዝ ነው፣ ልጅ ያስቀባዥራል፣ ልብ ያስመታል፣ ከዚያም የባሰ ያደርሳል። እባክዎ አያስነኩት። አረቄ ድዱ ላይ ማሳደርና አስፕሪን ፈጭቶ ማድረግም ድዱን ያቃጥላል። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ እውነት ነው፣ ጥርሱን ግን አያድነውም።

አንቲባዮቲኩም ለምን ተመለሰ ካሉ፣ መድሃኒቱ በደም ነው የሚሄደው፣ ነርቩ ውስጡ ከሞተ ደግሞ እዚያ ደም አይደርስም፣ ምንጩ እንዳለ ነው። ምንጩ የሚጠፋው ጥርሱ ተከፍቶ ሲጸዳ ነው። ቀዳዳው ገና ከሆነ ይሞላል፣ ነርቩ ጋ ከደረሰ የስር ህክምና ይሰራለታል፣ ጨርሶ ከፈረሰ ያን ጊዜ ይነቀላል። ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ በጤና መድህን የሚታከሙ ከሆነ ሪፈር ያጽፉና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጥርስ ህክምና ክፍል ይሂዱ። እስከዚያው ለህመሙ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ። ፊቱ ወይ አገጩ ስር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው፣ አፉን መክፈት ወይ መዋጥ ካቃተው ግን ወረፋም ሪፈርም አይጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

«ኳስ ስንጫወት ጓደኛዬ በክርን ተመትቶ የፊት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ወለቀ። አጥበን በሶፍት ጠቅልለን ማታ ሀኪም ጋ ሄደ፣ ዘገያችሁ አሉት። ምን ማድረግ ነበረብን?» (አምበሉ)

ይሄን ቡድናችሁ ሁሉ ያንብበው። የወለቀ ቋሚ ጥርስ ተመልሶ ሊተከል ይችላል፣ ግን ሰዓቱ አጭር ነው፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል። የጥርሱን ስር አትንኩ፣ በነጩ በኩል ያዙት። አፈር ካለው በወተት ወይ በንጹህ ውሃ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ለቅለቅ፣ አትሹት፣ ስሩ ላይ ያለው ስስ ነገር ነው መልሶ የሚይዘው። ከዛ ልጁ ካልደነገጠ እዛው ሜዳ ላይ ፊቱን አስተካክላችሁ ቦታው ከቱትና ንጹህ ጨርቅ ነክሶ ይያዝ። ካልሆነ ከሱቅ ወተት ገዝታችሁ ውስጡ አስገቡት። ወተት ከሌለ ኩባያ ውስጥ የራሱን ምራቅ ይትፋበት። ውሃ ውስጥ ማቆየት ስሩን ይገድለዋል፣ ሶፍቱ ደሞ ያደርቀዋል፣ እናንተን የጎዳችሁ እሱ ነው። ራሱን ስቶ ከነበረ ወይ ካስመለሰው ከጥርሱ በፊት ጭንቅላቱ ይታይ። የተሰበረ ቁራሽም እንዲሁ በወተት ይምጣ፣ ብዙ ጊዜ መልሶ ይለጠፋል።

ከኳስ ሌላ ደሞ የፊት ጥርስ የምታስሰብሩት ቆርኪ በጥርስ ስትከፍቱ ነው፣ ምን ይሻላችኋል እናንተን።

«የታችኛው ክራንቻዬ አንዱ የለም፣ ሌላው ደሞ ትንሽና ቡኒ ሆኖ ጠሞ ነው የበቀለው። እናቴን ስጠይቃት ህጻን ሆኜ ሲያስቀምጠኝ ግግ ነው ተብሎ አስነቅላልኝ ነበር አለች። ይስተካከላል? አሁን ደሞ አክስቴ ወልዳ ልጁ አምስት ወሩ ነው፣ ትኩሳት አለው ድዱ አብጧል ግግ አለበት እየተባለ ነው፣ የሚነቅል ሰው ሊጠሩ ነው። ምን ልበላቸው?» (ክራንቻ አልባው፣ 15 ዓመት)

ያንተ ይስተካከላል። ራጅ ተነስተህ የጠፋው ከነጭራሹ የለም ወይስ ድድ ውስጥ ተቀርቅሯል የሚለው ይታያል፣ ከተቀረቀረ በብሬስ (ጥርስ በሚያስተካክለው ሽቦ) ጎትቶ ማውጣት የሚቻልበት ጊዜ አለ፣ የጠመመውም ይሸፈናል። በዚህ እድሜህ መታየትህ ጥሩ ነው፣ አትቆይ።

የሆነው ይሄ ነው። ህጻን ገና ጥርስ ሳያበቅል ክራንቻው የሚወጣበት ቦታ ድዱ በተፈጥሮው ገፋ ገፋ ይላል፣ ነጣም ይላል። በዛው ወቅት ደሞ ልጅ መዳህ ሲጀምር ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ተቅማጥና ትኩሳት ይበዛበታል። ሁለቱ ስለገጠሙ ጥፋቱ የድዱ ይመስላል። በምላጭ ወይ በሚስማር የሚፈለቀቀው ነጭ ነገር ትል የሚመስለው ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው፣ ቋሚው ጥርስ ደሞ እዛው ስሩ ስላለ አብሮ ይጎዳል፣ ያንተው ምስክር ነው። አንዳንዱ ልጅ ደም ይፈሰዋል፣ ኢንፌክሽን ይገባበታል፣ ከዚህም አልፎ የሚሞት አለ። ተቅማጡ ደሞ ጥርሱ ቢነቀልም እዛው ነው።

ለአክስትህ ንግግር አታብዛ፣ አፍህን ክፈትና ክራንቻህን አሳያት። ከዛ ልጁን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ፣ አምስት ወር የሆነው ልጅ ትኩሳት ካለው ምክንያቱ መፈለግ አለበት፣ ጆሮም ሳንባም ሽንትም ሊሆን ይችላል። ጡቱን አታቋርጥ፣ ካስቀመጠው ኦአርኤስና ዚንክ እዛው ይሰጧታል። ጡት እንቢ ካለ፣ ሁሉንም ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይ ካንቀጠቀጠው እስኪነጋ አትጠብቁ። ሰውየው ቀድሞ ከመጣ ደሞ በር ላይ አንተ ቁም፣ «ሀኪም አይቶት ከመጣን በኋላ» በለው፣ ሽማግሌ ነው ብለህ አትፍራው፣ በአክብሮት ነው የምትነግረው።